ቆዳ ቀስ ያሰኘው መኪና

በ1790 የለንደኑ የቤት ዕቃ አናጢ ቶማስ ሴንት ከእንግሊዝ መንግሥት የፈጠራ መብት ተሰጠው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንያዛቸው)። ማመልከቻው ውስጥ የሙጫና የቫርኒሽ አሠራርም አብሮ ስለነበረ መዝገብ ያዦቹ ከሙጫው ፋይል ጋር ከተቱት። ከሰማንያ ዓመት በላይ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። በ1870ዎቹ ኒውተን ዊልሰን የሚባል የስፌት መኪና ነጋዴ የድሮ መዛግብት ሲያገላብጥ ዓይኑ ሥዕሎቹ ላይ ዐረፈ። ከላይ የተንጠለጠለ ክንድ፣ ወደ ታችና ወደ ላይ የሚመላለስ መርፌ፣ የሚሰፋውን ነገር እየገፋ የሚያሳልፍ ገበታ ይታያል። ብዙዎች የአሜሪካኖች ፈጠራ ነው ብለው ያመኑት መኪና እዚያ ወረቀት ላይ ተኝቶ ነበር። ዊልሰን በሥዕሉ መሠረት አንድ አሠራ፤ እንዲሰፋለት ግን እዚህም እዚያም ማስተካከል ነበረበት። ያ ቅጂ ዛሬ ለንደን የሳይንስ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

ሴንት መኪናውን ያሰበው ለሸሚዝ ወይም ለቀሚስ አልነበረም። ለቡትና ለጫማ፣ ባጠቃላይ ለቆዳ ነበር። የስፌት መኪና ታሪክ ሲነሳ ሁልጊዜ ከፊት የሚቆመው ልብስ ሰፊው ነው፤ ጫማ ሰፊውና ኮርቻ ሰፊው ዘግይተው የደረሱ ዘመዶች ይመስላሉ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አንድ መሐንዲስ እጅን በብረት ለመተካት ቢያስብ ቆዳ ቀልቡን መሳቡ አይገርምም። ቆዳ እንደ ጨርቅ አይጨማደድም፣ አይሸሽም፣ ባስቀመጡት ቦታ ይቆያል። ሴንትም የጫማ ሰፊውን እጅ አንድ በአንድ ነው የቀዳው። መጀመሪያ ወስፌ ወርዶ ይበሳል፤ ቀጥሎ ጫፉ የተሰነጠቀ መርፌ ክሩን በቀዳዳው ገፍቶ ያሳልፋል፤ ከታች ክሩ በራሱ ቀለበት እየተያዘ ሰንሰለት ይሠራል።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጨርቅ የተሸመነ ክር ስለሆነ መርፌ ሲገባበት ክሮቹ ገለል ይሉና ሲወጣ ተመልሰው ይገጥማሉ። ቆዳ አንዴ ከተበሳ ተበሳ። ስፌቱ ጠምሞ ቢገኝና ቢፈታ ቀዳዳው ለዘለዓለም ይቀራል፤ በቅርብ ርቀት ደጋግመው ከበሱትም በመስመሩ ላይ ይቀደዳል። ደግሞ ቆዳ መርፌን አጥብቆ ይይዛል። መርፌው ሲመለስ ቆዳውን ይዞት ሊነሳ ይፈልጋል፣ ክሩም ከታች ቀለበት መሥራት ያቅተዋል። ይህን ለማስቀረት የሚጫነውን እግር ቢያጠብቁት ፊቱ ላይ ጠባሳ ይቀራል፣ ከታች እየገፋ የሚያራምደው ጥርስም ጀርባውን ይቧጭራል። እንግዲህ የጨርቅ መኪና ታሪክ የፍጥነት ታሪክ ነው ብንል፣ የከባዱ መኪና ታሪክ ቆዳን ሳይጎዱ የመያዝና የማራመድ ታሪክ ነው። ዛሬ ፋብሪካ ውስጥ ሸሚዝ የሚሰፋ መኪና በደቂቃ እስከ 5,000 ጊዜ ይወጋል። ኮርቻና ወፍራም ቀበቶ የሚሰፋው ቢበዛ 800 ያህል ነው፤ ብዙ ሰፊዎች ደግሞ የዚያን ሩቡን እንኳ አይነዱትም።

መኪናው ሊበልጠው የተነሳው የእጅ ሥራ ቀላል ተቃዋሚ አልነበረም። ኮርቻ ሰፊ አንድ ክር ይወስድና ጫፍና ጫፉ ላይ ሁለት መርፌ ያስራል። በወስፌ የከፈተውን እያንዳንዱን ቀዳዳ ሁለቱም መርፌዎች ከግራና ከቀኝ ያልፉበታል። ክሩ በሰም የታሸ ተልባ ነው። የአውሮፓ ጫማ ሰፊዎች በመርፌ ፈንታ የአሳማ ፀጉር ከክሩ ጫፍ ጋር ገምደው ይጠቀሙ ነበር፤ ፀጉሩ ይታጠፋል፣ ጠማማ ቀዳዳ ውስጥም መንገዱን ያገኛል። የእኛ አገር ሰፊም ኮርቻውን፣ የመጽሐፍ ማኅደሩን፣ የአገልግሉን ልባስ የሠራው በወስፌ፣ በጠፍርና በጅማት ነው። የሁለት መርፌ ስፌት ትልቁ ጸጋ አንዱ ወገን ቢበጠስ ሌላው መያዙ ነው። መኪና የሚሠራው ስፌት የላይ ክርና የታች ክር መሐል ላይ የሚቆላለፉበት ስለሆነ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይላላል። ፓሪስ ውስጥ በ1837 የፈረስ ዕቃ ሠሪ ሆኖ የተመሠረተው ኤርሜስ ቦርሳዎቹን እስከ ዛሬ በሁለት መርፌ በእጅ የሚያሰፋው ለስም ብቻ አይደለም።

አንዳንዶች ስፌትን ጨርሶ መዝለል ይሻላል ብለው ነበር። ፈረንሳይ ተወልዶ እንግሊዝ የኖረው መሐንዲስ ማርክ ኢዛምባርድ ብሩኔል፣ በናፖሊዮን ጦርነት ዘመን ለንደን ባተርሲ ላይ የወታደር ጫማ ፋብሪካ አቆመ። ሠራተኞቹ በጦርነት አካላቸው የጎደለ ወታደሮች ነበሩ፤ ሶሉም የሚያያዘው በክር ሳይሆን በብረት ሚስማር ነው። ሥራው ሠመረለት። ከዚያ በ1815 ሰላም ሆነ! መንግሥት ጫማ መግዛቱን አቆመ፣ የተመረተው በመጋዘን ቀረ፣ ብሩኔልም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዕዳ ታሰረ። የጫማ ማሽን ከጦር ሠራዊት ጋር ምን ያህል የተቆራኘ እንደሆነ ከዚህ ታሪክ በላይ የሚያሳይ የለም፤ ወደፊትም ይመጣብናል።

የጨርቁን ወገን በአጭሩ እንለፈው። ፈረንሳዊው ባርተለሚ ቲሞኒዬ በ1830 መብቱን አገኘ፤ ፓሪስ ላይ ሰማንያ ያህል መኪና ደርድሮ የወታደር ልብስ ሲያሰፋ እንጀራችንን ሊዘጋ ነው ያሉ ልብስ ሰፊዎች ገብተው ሰባበሩበት። አሜሪካዊው ኢሊያስ ሃው በ1846 ዓይኑ ጫፉ ላይ የሆነ መርፌንና ከታች የሚመላለስ መወርወሪያን አጣምሮ ሁለት ክር የሚያቆላልፍ መኪና አስመዘገበ። አይዛክ ሲንጀር በ1851 የራሱን ይዞ መጣ። የሲንጀር ሸሪክ ጠበቃው ኤድዋርድ ክላርክ በ1856 መኪናን በየጊዜው በሚከፈል ዱቤ መሸጥ ጀመረ። ይህ የክላርክ ዘዴ ከመርፌውና ከመወርወሪያው ባልተናነሰ ዓለምን ያዳረሰ ፈጠራ ነው ባይ ነኝ።

ቆዳው ላይ ፍልሚያው የተካሄደው ማሳቹሴትስ ግዛት ሊን ከተማ ነው። ሊን የጫማ ከተማ ነበረች፤ ወንዱ ከቤቱ ጎን ባለች ትንሽ ጎጆ ሶል ይመታል፣ ሚስትና ሴት ልጅ ቤት ውስጥ የላይኛውን ቆዳ በእጅ ይሰፋሉ። በ1852 ጆን ብሩክስ ኒኮልስ የልብስ መኪናን አስተካክሎ ለዚህ ለላይኛው ቆዳ እንዲሆን አደረገው። የላይኛው ቆዳ ስስ ስለሆነ መኪናው ተሸከመው። ውጤቱ ግን ከከተማዋ ኑሮ አንፃር ቀላል አልነበረም። መኪናው ውድ ነው፣ ስለዚህ አብዛኛው ስፌት ከቤት ወጥቶ ወደ ፋብሪካ ሄደ፤ ቤት የቀሩት ሴቶች ሥራ አጡ፣ የተከተሉት ደግሞ በደወል የሚገቡና የሚወጡ ሆኑ። በየካቲት 1860 ሊን ላይ የተነሳው የጫማ ሠራተኞች አድማ በዚያን ጊዜ አሜሪካ አይታው የማታውቀው ትልቅ አድማ ነበር። ሴቶች በበረዶ ውስጥ ተሰልፈው ሲሄዱ የሚያሳየው የዘመኑ የጋዜጣ ሥዕል እስከ ዛሬ ይታያል።

ሶሉ ግን አልተደፈረም ነበር። የላይኛውን ቆዳ፣ የውስጡን ሶልና የውጩን ሶል አንድ ላይ መውጋት አለ፤ ደግሞ የሚወጋው ባዶ ጫማ ውስጥ ገብቶ ነው። ላይማን ብሌክ የሚባል ወጣት ጫማ ሠሪ በ1858 መፍትሔውን አስመዘገበ። ጠረጴዛውን ትቶ ቀንድ የመሰለ ክንድ ተከለ፤ ጫማው በክንዱ ላይ ይጠለቃል፣ ሜንጦ ያለው መርፌ ከውጭ ወግቶ ከቀንዱ ውስጥ ክር ጎትቶ ያወጣል። ክሩ በሰም የተነከረ ስለሆነ ሰሙ እንዳይደርቅ ቀንዱ በመብራት ነበልባል ይሞቃል። ቆዳ ሰፊ ለዘመናት ክሩን በመዳፉ ሙቀት እያሸ ይሠራ እንደነበር ለሚያውቅ ሰው ይህች ትንሽ መብራት የምታስደስት ናት።

ጎርደን ማኬይ የተባለ ነጋዴ መብቱን ገዛው፣ ማሽኑን አሻሻለው፣ የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነትም ደረሰለት። የሰሜኑ ጦር ጫማ ይጠይቅ ነበር። ማኬይ ማሽኑን አልሸጠም፤ አከራየ። በተሰፋው በያንዳንዱ ጥንድ ላይ ሳንቲም ይሰበስብ ነበር። ቀጥሎ ቻርልስ ጉድይር ልጁ (አባቱ ጎማ ማብሰልን የፈለሰፈው ነው) የሌሎችን ፈጠራ ሰብስቦ በ1870ዎቹ የተሻለውን አመጣ፦ ጎባጣ መርፌ መጀመሪያ ጠባብ የቆዳ ጥብጣብን ከላይኛው ቆዳና ከውስጡ ሶል ጋር ይሰፋል፤ የውጩ ሶል የሚሰፋው ከጥብጣቡ ጋር ብቻ ነው። ስለዚህ ሶሉ ሲያልቅ ይፈታና ሌላ ይሰፋለታል፣ ጫማው አይሞትም። ውድ ጫማ እስከ አሁን በዚህ ስልት ይሠራል።

እዚህ ላይ ያን ኤርንስት ማትዘሊገርን አለማንሳት ነውር ነው፣ ምንም እንኳ ማሽኑ የሚሰፋ ባይሆን። ሱሪናም ፓራማሪቦ በ1852 ተወለደ፤ እናቱ የአፍሪካ ዘር ያላት ነበረች። ሊን መጥቶ ፋብሪካ ገባ። የላይኛውን ቆዳ በፎርማ ላይ ወጥሮ ማያያዝን ማንም ማሽን አይሠራውም ይባል ነበር፤ ጎበዝ ባለሙያ በቀን ሃምሳ ጥንድ ያህል ይሠራል። ማትዘሊገር በ1883 ያስመዘገበው ማሽን ከዚህ ብዙ እጥፍ ሠራ። በሳንባ ነቀርሳ የሞተው በ1889፣ አርባ ዓመት ሳይሞላው ነው።

በ1899 እነዚህ የጫማ ማሽን ኩባንያዎች ተጠቃለው ዩናይትድ ሹ ማሽነሪ ሆኑ። ኪራዩም ቀጠለ። ፋብሪካ ያለው ሰው እንኳ የማሽኑ ባለቤት አልነበረም፤ የአሜሪካ ፍርድ ቤት በ1953 ይህን አሠራር ተቃውሞ እስኪፈርድ ድረስ ኩባንያው ገበያውን ጨብጦ ኖረ። ዛሬ በየጥጋጥጉ የሚገኘው አሮጌ የቆዳ መኪና ለምን የነማኬይ ዘር ሳይሆን የነሲንጀር ዘር እንደሆነ ሳስብ መልሱ እዚህ ይመስለኛል። የተከራየ ማሽን ወደ አከራዩ ይመለሳል፤ በዱቤ የተገዛ ማሽን ለልጅ ይተላለፋል።

ኮርቻና ልጓም ሠሪዎች ሌላ መንገድ ሄዱ። የእነሱ ቆዳ ሁለት ሦስት ድርብ ሆኖ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይወፍራል። ሴንት ሉዊስ የነበረው የላንዲስ ኩባንያና ሌሎች አምራቾች ወደ ቶማስ ሴንት ሐሳብ ተመልሰው መርፌንና ወስፌን ለዩ። ወስፌው ከታች ይበሳና እዚያው ቀዳዳ ውስጥ እንዳለ ቆዳውን አንድ ርምጃ ይወስደዋል፤ መርፌው በተዘጋጀለት ቀዳዳ ይገባል። ጥርስ የለም፣ ጭረት የለም፣ ከላይም ከታችም የሚያምር ስፌት ነው። በእጅ የሚዞር ከባድ ብረት ነው፤ አሠራሩን አንዴ የተመለከተ ሰው ዓይኑን ለመንቀል ይቸገራል። አውቶሞቢል መንገዱን ሲይዝ ፈረስ ከከተማ ወጣ፤ የፈረስ ዕቃ ገበያም አብሮ ከሰመ።

የኔ አድልዎ ግን ለጫማ ጠጋኙ መኪና ነው። ሲንጀር 29 ብሎ የጠራውን ይህን ዓይነት የእንግሊዙ ብራድበሪና የጀርመኑ አድለርም በየራሳቸው መልክ ሠርተውታል። ክንዱ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ቡት እስከ ጣቱ ድረስ ይጠለቅበታል። ከታች ጥርስ የለውም። የሚያራምደው የላዩ እግር ራሱ ነው፦ ይነሳል፣ ወደፊት ይረግጣል፣ ቆዳውን ይዞ ይጎትታል። ትልቁ ብልሃት ደግሞ ይህ እግር ክብ ዙሪያውን በእጅ መዞሩ ነው። ሰፊው ቡቱን ማዞር ካልቻለ የስፌቱን አቅጣጫ ያዞራል። በመዘውር ስለሚነዳ መብራት ቢኖርም ባይኖርም ግድ የለውም። ለዚህ ሁሉ የሚከፈል ዋጋ አለ። ቀጭኑ ክንድ ጫፍ ላይ የሚገባው ቦቢን ትንሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል፣ ወፍራም ክርም አይይዝም። መወርወሪያውን የሚነዱት ጥርሶች ከክንዱ ሥር ተደብቀው እየተበሉ ይሄዳሉ፣ መኪናውም ስፌት መዝለል ይጀምራል። ኮርቻ ልስፋበት ያለ ሰው ያፍራል። የሌላውን ጫማ መጠገን የሚያውቅ ግን ይወደዋል።

29ኬ የሚባሉት የተመረቱት ስኮትላንድ ክላይድባንክ ውስጥ ነው። በ1880ዎቹ የተሠራው ያ ፋብሪካ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ የስፌት መኪና የላከበት ጊዜ ነበር። በ1980 ተዘጋ። የባቡር ጣቢያው ስም ግን አሁንም ሲንጀር ነው።

ጀርመኖች የገቡት በጎን በር ነው። ካይዘርስላውተርን የነበረው የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ጌኦርግ ሚሻኤል ፋፍ በ1862 የመጀመሪያ መኪናውን በእጁ ሲሠራ የጫማ ቆዳ ለመስፋት ነበር፤ የጫማ ከተማዋ ፒርማዘንስ ከዚያ ሩቅ አይደለችም። አድለር ደግሞ ቢለፌልድ ላይ ተተከለ። ሃያኛው ክፍለ ዘመን የአውቶሞቢልን ወንበር ሲያመጣ ሁሉም አንድ ጥያቄ ገጠማቸው። ከላይ ቆዳ፣ መሐል ስፖንጅ፣ ከታች ሸራ አንድ ላይ ሲሰፉ የላዩ ወደ ኋላ ይቀራል፣ የታቹ ይቀድማል። መልሱ የሦስትዮሽ ማራመጃ ነው። ጥርሱ ከታች ይገፋል፣ መርፌው ቆዳው ውስጥ እንዳለ አብሮ ይራመዳል፣ የውስጥና የውጭ እግሮች ደግሞ ተራ በተራ ይነሱና ይረግጣሉ። ሦስቱም እኩል ስለሚሄዱ ድርቡ አይንሸራተትም። የሲንጀር 111 ቤተሰብ በዚህ ስልት ስም አተረፈ፤ ዛሬ ቦርሳና ሶፋ የሚሰፋው መኪና ሁሉ ማለት ይቻላል የዚህ ዘር ነው።

ከመኪናው ጋር መርፌና ክርም ተለወጡ። የመርፌ ቁጥር ውፍረቱን በሚሊ ሜትር መቶኛ ይናገራል፦ ቁጥር 90 ማለት 0.9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኮርቻ ላይ ከ1.8 እስከ 2.3 ይገባል። የቆዳ መርፌ ጫፉ እንደ ስለት ነው፣ ቆርጦ ያልፋል፤ የጨርቁ ክብ ነው፣ ገፍቶ ያልፋል። የስለቱ አቅጣጫ ስፌቱ ቀጥ ብሎ ይታይ ወይም ዘንበል ይበል ይወስናል። ተልባ በናይለን ተተካ፣ ሰሙም ቀረ፤ ፀሐይ የሚመታው ዕቃ ላይ ግን ፖሊስተር ይሻላል፣ ናይለን ፀሐይ አይችልም።

ሞተሩም የራሱ ታሪክ አለው። ለብዙ ዘመን ፋብሪካዎች የተጠቀሙት የፍሪሲዮን ሞተር ተሰክቶ እስካለ በሙሉ ኃይሉ ይሽከረከራል፤ ፔዳሉ የሚያደርገው ያንን ኃይል ማያያዝና መልቀቅ ነው። ጀማሪ በዚያ ላይ አንድ ስፌት ብቻ ልስፋ ቢል መኪናው አሥር ይሰፋበታል፣ ቆዳ ላይ ደግሞ አሥሩም ቀዳዳ ቋሚ ነው። ሰርቮ ሞተር የመጣው ከዚህ ለማዳን ነው፤ ሲረገጥ ብቻ ይዞራል፣ ፍጥነቱም ይወሰናል። ፑሊ ጨምሮ ማዘግየት ደግሞ ጉልበቱን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ የቤት ውስጥ መኪና ላይ «ሄቪ ዲዩቲ» (ለከባድ ሥራ) ተብሎ ተለጥፎ ሳይ እጠራጠራለሁ። ብዙውን ጊዜ ከጂንስ ጫፍ የማያልፍ ነው። ክብደቱን ከማሸጊያው ላይ ማንበብ ሳይሆን እግሩ ምን ያህል ሚሊ ሜትር እንደሚነሳና ስንት ቁጥር ክር እንደሚያሳልፍ መጠየቅ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የጫማ መኪና ታሪክ የተጀመረው በአርመን ነጋዴዎች ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ሁለት የጫማ ፋብሪካ አቆሙ፤ እዚያ እጃቸውን ያፍታቱ ሠራተኞች ወጥተው የራሳቸውን ከፈቱ፣ የእነሱ ሠራተኞችም እንደዚሁ። መርካቶና ሸራ ተራ አካባቢ ያለው የጫማ ሠሪ ሰፈር እንዲህ ተባዛ። ዳርማር የተባለው የአርመኖቹ ፋብሪካ በደርግ ዘመን ከተወረሰ በኋላ አንበሳ ጫማ ተባለ። ሸራ ተራ ውስጥ መኪና የሚሠራው የላይኛውን ቆዳ ነው። ከዚያ በኋላ ቆዳው በፎርማ ላይ በፒንሳ ይወጠራል፣ ሶሉ በማስቲሽ ይጣበቃል። ይህ የድህነት ውጤት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ማስቲሽ በመላው ዓለም የእነብሌክን ማሽን ገበያ የወሰደ ኃይል ነው። በ2001 ገደማ የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ብዙዎቹ ተዘጉ፣ የቀሩት ሞዴላቸውን እያሻሻሉ ተመለሱ። በ2012 ደግሞ ሁዋጅየን የተባለው የቻይና ኩባንያ ራሱ መጥቶ ዱከም ላይ ለውጭ ገበያ ማምረት ጀመረ። በመንገዱ ጠርዝ ያለው ጠጋኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ አሁንም በሜንጦ ወስፌና በናይለን ክር ነው የሚሠራው።

የዘመኑ ከባድ መኪና ታሪክ ቻይና ላይ ይገናኛል። አድለር 205 የሚባለውን ባለ ረጅም ክንድ መኪና የጃፓኑ ጁኪ 441 ብሎ በራሱ መንገድ ሠራው፤ የቻይና ፋብሪካዎች ደግሞ 441ን ቀድተው በብዙ ስም ለዓለም አዳረሱት። እግሩ ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይነሳል፣ ክንዱ ከ40 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፣ በሦስትዮሽ ይራመዳል። ቀድሞ ፋብሪካ ብቻ የሚችለውን አሁን ጓሮው ውስጥ ቀበቶ የሚሠራ ሰው ይገዛዋል። ከዚያው ከቻይና የሚመጣ ሌላም አለ፦ ሻካራ ብረት፣ በእጅ የሚዞር፣ እጅግ ርካሽ ጠጋኝ መኪና። ጠርዙን ሞርደው፣ ዘይት አጠጥተው፣ የክሩን ውጥረት ካስተካከሉት በኋላ ይሰፋል፤ ከሳጥኑ እንደወጣ ግን አይታመንም። ለአሮጌው 29 የሚሆን መለዋወጫም ይሠራል፣ መርፌውንም ጀርመኖችና ጃፓኖች እስከ ዛሬ ያመርታሉ። ስለዚህ አንድ አሮጌ 29 የሚገዛ ሰው በቀለሙና በጌጡ ሳይታለል ክንዱን ገልብጦ ጥርሶቹን ይይ፤ መዘውሩን ይዞ ወደፊትና ወደኋላ ሲነቀንቀው መወርወሪያው ዘግይቶ የሚከተል ከሆነ ዋጋውን ያስቀንስ፣ ወይም መለዋወጫው የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ይጠይቅ።